ንጉሥ በሌለበት አገር መርከብ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1672 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በኔዘርላንድ ሪፐብሊክ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ከቆጠራቸው በደሎች አንዱ ሥዕል ነበር። ደቾች ክብር የሚነኩ ሥዕሎችና ሜዳሊያዎች አዘጋጅተው በየቦታው ያሳያሉ የሚል ክስ በአዋጁ ሰፍሯል። የጦርነቱ ዋና መነሻ ሌላ ነው። ንጉሡ ከሁለት ዓመት በፊት ከፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ጋር በምስጢር ተዋውሎ ነበር፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው የባሕር ንግድ ሽኩቻም የቆየ ነው። ያም ሆኖ ሥዕል በጦርነት አዋጅ ውስጥ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ነገሩ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ቀላል እንዳልነበር ይመሰክራል።

ንጉሡን ያንገበገበው ነገር የታወቀ ነው። በሰኔ 1667 በሚኼል ደ ራይተር የሚመሩት የደች መርከቦች ከለንደን ብዙም በማይርቀው የሜድዌይ ወንዝ ሽቅብ ወጡ፤ ወንዙን የዘጋውን ሰንሰለት በጠሱ፤ መልሕቃቸውን ጥለው የቆሙትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አቃጠሉ። «ሮያል ቻርልስ» የምትባለውን ግን አላቃጠሏትም፤ ጎትተው አገራቸው ወሰዷት። ይህች መርከብ በ1660 ቻርልስን ከስደት ወደ ዙፋኑ የመለሰች፣ ስሙንም የተሸከመች ነበረች። ደቾች ወደባቸው ላይ አቁመው ለሕዝብ አሳዩዋት፤ በ1673 ፈታትተው ሸጧት። በኋላዋ ላይ ተለጥፎ የነበረው ከእንጨት የተፈለፈለ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ዓርማ ዛሬም በአምስተርዳም ሬይክስሙዚየም ተሰቅሏል።

የሜድዌይ ወሬ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ፣ በወረቀት ተባዝቶ፣ ማብራሪያ ጽሑፍ ከሥሩ ተጨምሮበት ተሸጠ። የዶርድሬኽት ከተማ ደግሞ የዘመቻው ተካፋይ የነበረውን ተወላጇን ኮርኔሊስ ደ ዊትን ከጀርባው የሚቃጠሉት የእንግሊዝ መርከቦች እየታዩ በሠዓሊው ያን ደ ባን አሥላ በማዘጋጃ ቤቷ ሰቀለች። ያ የዘይት ቀለም ሥዕል በአንድ ግድግዳ ላይ የሚታይ አንድ ዕቃ ነበር፤ በ1672 የተቆጣ ሕዝብ ገብቶ ሲቀዳድደው ጠፋ። ኅትመቱን ግን ማንም ቀድዶ ሊጨርሰው አልቻለም።

የኔዘርላንድ ሪፐብሊክ ለጎረቤቶቿ ግራ የምታጋባ አገር ነበረች። ከስፔን ንጉሥ ጋር ሰማንያ ዓመት ተዋግታ ነፃ የወጣች የሰባት ክፍላተ ሀገር ኅብረት ናት። የኦራንጅ መሳፍንት ጦር ቢመሩም ዘውድ አልጫኑም፤ ባሕር ኃይሏ እንኳ አምስት ቦታ በተከፋፈሉ የአድሚራልነት መሥሪያ ቤቶች ነበር የሚተዳደረው። ፈረንሳይ ወይም ስፔን ኃይሏን ለማሳየት ስትሻ ንጉሧን በፈረስ ላይ አስቀምጣ ታሥላለች። እዚህ አገር በዚያ ቦታ የገባው መርከብ ነው። ሸራው የተነፋ፣ ባንዲራው የተዘረጋ፣ የመድፍ አፎቹ የተከፈቱ ባለሦስት ምሰሶ መርከብ በወረቀቱ መካከል ሲቆም፣ ሌላው አገር ለገዢው ምስል የሚሰጠውን ስፍራና ክብር ያዘ። ከንጉሥ ምስል የሚለየው ደግሞ የብዙ ሰው መሆኑ ነው፤ መርከቡ ላይ ነጋዴው ድርሻ አለው፣ አናጢው እጁ አለበት፣ መርከበኛው ሕይወቱን ጥሎበታል።

ልማዱ የተጀመረው ግን በሰሜን ሳይሆን በደቡብ፣ ገና የስፔን ንጉሥ በሚገዛው አንትወርፕ ነው። በ1560ዎቹ መጀመሪያ ሂሮኒሙስ ኮክ የሚባለው አሳታሚ «አራቱ ነፋሳት» ከሚለው ሱቁ ተከታታይ የመርከብ ኅትመቶችን ማውጣት ጀመረ። ንድፎቹ የታላቁ ሠዓሊ የፒተር ብሩገል፣ የመዳቡ ቅርጽ የፍራንስ ሃውስ ነበር። በዚያ ዘመን መርከብ ብዙ ጊዜ የቅዱሳን ታሪክ ወይም የጦርነት ሥዕል ማጀቢያ ነው። ብሩገል ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በአንዱ ሥዕል ላይ በሰም ክንፍ ወደ ፀሐይ የበረረው ኢካሩስ ከሰማይ ሲወድቅ ይታያል፤ ሆኖም ከላይ በኩል ትንሽ ሆኖ የተጣለ ነው። ወረቀቱን የሞላው የታጠቀው መርከብ ነው። የግሪክን አፈ ታሪክ ወደ ጥግ ገፍቶ ቀዳዳና ገመዱ ሳይቀር የተጠነቀቀለትን መርከብ መሐል ማቆም፣ የዚያ ክፍለ ዘመን ሰው ዓይኑ ወዴት እንደዞረ ከማንኛውም ሰነድ በላይ ይናገራል።

በ1585 አንትወርፕ በስፔን ጦር እጅ ወደቀች። ነጋዴዎቿ፣ አታሚዎቿ፣ ካርታ ሠሪዎቿና ቀራጺዎቿ ወደ ሰሜን ጎረፉ። አምስተርዳም በዚያ ጊዜ 30,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ1620ዎቹ ከ100,000 አለፈች። ስደተኞቹ ገንዘብና የንግድ ትውውቅ ብቻ አልነበረም ይዘው የገቡት፤ መዳብ የመቅረጽ ጥበብም አብሮ ገባ።

ጥበቡ ከባድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀራጺው በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ቡሪን በሚባል ጫፉ የሾለ ብረት መስመር በመስመር ይቦረቡራል። ወረቀቱ ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ስለሚወጣ፣ ወደ ቀኝ የሚሄደውን መርከብ ወደ ግራ እያስኬደ፣ ጽሑፉንም ወደ ኋላ እየጻፈ ነው የሚሠራው። ከዚያ ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፤ ላዩ ተጠርጎ ቀለሙ በተቦረቦሩት መስመሮች ውስጥ ብቻ እንዲቀር ይደረጋል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ሲጨመቅ ሥዕሉ ይወጣል። ሰሌዳውን በአሲድ የማስበላቱ ዘዴ ደግሞ እጅን ነፃ ስለሚያደርግ ለማዕበልና ለደመና ተመራጭ ሆነ። የመርከብ ገመድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱ የተሸራረበ መስመር ነው፤ የቡሪንም ሥራ ያው ነው። መርከብና የመዳብ ቅርጽ የተገናኙት ለዚህም ጭምር ይመስላል።

የኅትመቶቹ ሸማች ደግሞ የሚታለል አልነበረም። የአምስተርዳም፣ የሆርን ወይም የሮተርዳም ሰው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ መርከበኛ ነው። ነፋሱ ከግራ እየነፈሰ ባንዲራው ወደ ግራ ቢሣል ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ እውነተኛነት ራሱ የኃይል ማስረጃ ሆነ። ነገሥታት በሥዕላቸው ደመና ላይ ይቀመጣሉ፣ መላእክት አክሊል ይጭኑላቸዋል፤ የደቾቹ መርከብ ደግሞ ገመዱ በቦታው በመታሠሩ፣ መድፉ በትክክል በመቆጠሩ ይከበራል።

ይህን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች ቀዳሚው የሀርለሙ ሄንድሪክ ፍሮም ነው። ካርል ፋን ማንደር በ1604 ባሳተመው የሠዓሊያን ታሪክ እንደሚተርከው፣ ፍሮም ሃይማኖታዊ ሥዕሎቹን ለመሸጥ ወደ ስፔን ሲጓዝ መርከቡ በፖርቱጋል ዳርቻ ተሰበረች። ባሕሩ የተፋቸውን የቅዱሳን ሥዕሎች ያዩ መነኮሳት የተረፉት ሰዎች የባሕር ወንበዴዎች ሳይሆኑ ክርስቲያኖች መሆናቸውን አመኑላቸው፤ ከመከራም አዳኗቸው። ፍሮም ያንኑ አደጋ ሥሎ ሸጠና የባሕር ሥዕል እንደሚያዋጣ አየ። ቆይቶ የእንግሊዙ አድሚራል ሎርድ ሃዋርድ በ1588 የስፔንን አርማዳ ያባረረበትን ውጊያ በአሥር ግዙፍ የግድግዳ ምንጣፎች ሲያሠራ ንድፉን ያወጣው ይኸው ፍሮም ነበር። ምንጣፎቹ በለንደን የላይኛው ምክር ቤት ተሰቅለው ኖሩና በ1834 ቃጠሎ ጠፉ። ዛሬ መልካቸው የሚታወቀው ጆን ፓይን በ1739 በመዳብ ቀርጾ ስላሳተማቸው ነው።

የዋጋው ልዩነት ብዙ ይናገራል። የአምስተርዳም አድሚራልነት መሥሪያ ቤት በ1607 ጊብራልታር ላይ የስፔን መርከቦች የተደመሰሱበትን፣ አዛዡ ያኮብ ፋን ሄምስኬርክም የወደቀበትን ውጊያ አሥሎ ለኦራንጁ ልዑል ማውሪትስ ሊያበረክት ሲያስብ ፍሮም 6,000 ጊልደር ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ ተወደደበትና ሥራውን በ2,400 ጊልደር ለኮርኔሊስ ፋን ዊሪንገን ሰጠው። በመዳብ የተቀረጸ ወረቀት ግን በጥቂት ስቱቨር ይገኛል፤ አንድ ጊልደር 20 ስቱቨር ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሸማኔው፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ድሉን ገዝቶ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ቻለ።

በአምስተርዳም ካልቨርስትራት ሱቅ የነበረው ክላስ ያንስዞን ቪስኸር ይህን ገበያ ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። በ1611 ያወጣው የአምስተርዳም ገጽታ በአራት ሰሌዳ የተቀረጸና ጎን ለጎን ሲገጠም ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ነው። ከተማዋ ከወደቧ ማዶ ትታያለች፤ የቤተ ክርስቲያን ማማዎቿ ከመርከብ ምሰሶዎች ጫካ በላይ ብቅ ብቅ ይላሉ። ከፊት አምስተርዳም በሴት አምሳል ተቀምጣለች፤ የከተማዋን ዓርማና መርከብ ይዛለች፤ ከቅርብና ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ሸቀጣቸውን እንደ ግብር ያቀርቡላታል። ሰብአ ሰገል ለንጉሥ እጅ መንሻ ሲያቀርቡ ማየት ለለመደ የዚያ ዘመን ዓይን መልእክቱ ግልጽ ነው። ዙፋን አለ፣ ገባሪ አለ፤ በትረ መንግሥቱን የተካው መርከቡ ነው። የደቾቹ የምስራቅ ህንድ ኩባንያ ከተቋቋመ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ሥዕሉ ከሆነው ይልቅ ሊሆን ያለውን ቀድሞ ተናግሯል።

በ1628 ፒት ሄይን በኩባ ማታንሳስ የባሕር ሰላጤ የስፔንን የብር መርከቦች ማርኮ ከ11 ሚሊዮን ጊልደር በላይ የሚያወጣ ሀብት ሲያስገባ፣ ቪስኸር የድሉን ሥዕል ከዜና ጋር አሳትሞ አወጣ። ጋዜጣ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን የባሕር ውጊያ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በዚህ መልክ ነበር። ከላይ የመርከቦቹ አሰላለፍ ይታያል፤ ፊደል እየተሰጣቸው ከሥር የትኛው የማን እንደሆነ ይዘረዘራል። የተሸነፈው ወገን ምሰሶው ይሰበራል፣ ባንዲራው ውኃ ይነካል።

መርከብ ባሕር ባይኖርም ያገለግል ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሲሞን ስቴቪን ለልዑል ማውሪትስ ሸራና ጎማ ያለው ሠረገላ ሠራለት፤ በስኬቨኒንገን ዳርቻ አሸዋ ላይ በነፋስ ብቻ ከፈረስ እየቀደመ ሄደ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ወጣቱ የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮቲየስና በኒውፖርት ውጊያ የተማረከው የስፔን አድሚራል ፍራንሲስኮ ደ ሜንዶዛ ነበሩ። በያክ ደ ኼይን ንድፍ ቪለም ስዋነንበርኽ በ1603 በመዳብ ቀርጾ አወጣው። ምርኮኛ አድሚራልን በየብስ ላይ በሚሄድ መርከብ አሳፍሮ መንዳት፣ ያንንም ለዓለም አትሞ መበተን፣ ከብዙ ውጊያ ይልቅ ይናገር ነበር።

ኅትመቶቹ የመርከብን ምስል ብቻ አልያዙም፤ ራሳቸውም በመርከብ ተጫኑ። በ1596 ቪለም ባሬንትስ በሰሜን ዋልታ በኩል ወደ ቻይና የሚያደርስ መንገድ ፍለጋ ሲወጣ ከጭነቱ ውስጥ ለእስያ ገበያ የታሰበ የመዳብ ኅትመት ክምር ነበረበት። መርከቡ በኖቫያ ዜምልያ በበረዶ ተያዘ። ሰዎቹ ከእንጨት ቤት ሠርተው ክረምቱን አሳለፉና በጀልባ ሲመለሱ ባሬንትስ መንገድ ላይ ሞተ። ቤቱን በ1871 አንድ የኖርዌይ መርከበኛ ሲያገኘው ወረቀቶቹ ተጣብቀውና ደርቀው በበረዶ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሬይክስሙዚየም ባለሙያዎች አንድ በአንድ አላቀቋቸው። የኔዘርላንድ ነጋዴዎች ገና የእስያን መንገድ ሳይጨብጡ የራሳቸውን ምስል ለእስያ ሊሸጡ ተነሥተው ነበር፤ የዚያን ዘመን ድፍረት ይህን ያህል የሚያሳይ ቅርስ ማግኘት ይከብዳል።

እንግሊዝ በበኩሏ መርከብን ለንጉሥ ክብር አዋለችው። ቀዳማዊ ቻርልስ በ1637 «ሶቨሪን ኦፍ ዘ ሲስ»ን አስገነባ፤ ከ100 በላይ መድፍ የታጠቀች፣ በወርቅ የተለበጠች ነበረች። በአፍንጫዋ ላይ ጥንታዊው ንጉሥ ኤድጋር በፈረሱ ሰባት ነገሥታትን ሲረግጥ ተቀርጿል። ጆን ፔይን ይህችን መርከብ በሁለት ሰሌዳ በትልቁ ቀረጻት። ለባሕር ኃይሉ ተብሎ የተጣለው ግብር ግን ሕዝቡን አስመርሮ ንጉሡን በመጨረሻ አንገቱን ካስቆረጡት ቅሬታዎች አንዱ ሆነ። እንግሊዞች በዙሪያቸው ያለው ባሕር የእኛ ነው በማለት የሌላ አገር መርከብ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ እንዲሰጥ ይጠይቁ ነበር። በግንቦት 1652 በዶቨር አቅራቢያ የደቹ አድሚራል ማርተን ትሮምፕና የእንግሊዙ አዛዥ ሮበርት ብሌክ የተታኮሱት በዚሁ ሰበብ ነው፤ የመጀመሪያው የእንግሊዝና የደች ጦርነት ተከተለ። በኅትመቶቹ ላይ ባንዲራው ያን ያህል ትልቅ ሆኖ፣ ያን ያህል ከፍ ብሎ መቀረጹን የሚያይ ሰው ይህን ጠብ ማስታወስ አለበት።

በዚያው ጦርነት ቪለም ፋን ደ ፌልደ ሽማግሌው የሚባለው ሠዓሊ በትንሽ ጀልባ ከመርከቦቹ መካከል ገብቶ ውጊያውን በዓይኑ እያየ ይነድፍ ነበር። በ1653 ትሮምፕ የሞተበትን የቴር ሄይደ ውጊያ እንዲህ ሆኖ አየ፤ በ1666 የአራቱን ቀን ውጊያም ተከታትሎ ነድፏል። ከእነዚህ ንድፎች ተነሥቶ ነጭ በተቀባ ሰሌዳ ላይ በብዕርና በጥቁር ቀለም ግዙፍ ሥዕሎች ሠራ። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው የመዳብ ኅትመት ናቸው ብሎ ይምላል። ነጠላ ሥራዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም የባለሀብትና የአድሚራል ነው። ብዙውን ጊዜ ርካሹ ውዱን ይመስላል፤ እዚህ ውዱ ሥዕል የርካሹን ወረቀት መልክ ለበሰ፤ የመዳቡ መስመር የእውነት ማኅተም ሆኖ ነበርና።

ከድል ሥዕሎቹ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ዜማን ይባል የነበረው የሬይኒር ኖምስ ሥራ ነው። ራሱ ባሕር ላይ የኖረ ሰው እንደነበር ይነገርለታል። በ1650ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቸው የመርከብና የአምስተርዳም ትዕይንት ስብስቦች መርከቦች ሲጠገኑ፣ በጎናቸው ተጋድመው ሆዳቸው በእሳት ሲጸዳና በሬንጅ ሲቀባ፣ ሸቀጥ ሲያራግፉ፣ ለጉዞ ሲሰናዱ ይታያሉ። ጀግና የለም፣ አድሚራል የለም። ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ያሳየው እሱ ነው። ከ1590ዎቹ ጀምሮ በነፋስ ኃይል የሚሠራው የእንጨት መሰንጠቂያ ወፍጮ፣ በጥቂት ባሕረኛ ብዙ ጭነት የሚያጓጉዘው ፍላይት የሚባለው መርከብ፣ ከኖርዌይና ከባልቲክ የሚመጣው ግንድ፣ ሬንጅና ቃጫ፤ የሪፐብሊኳ ጉልበት በእነዚህ ላይ ነበር የቆመው።

እነዚህ ወረቀቶች ያላሳዩት ነገርም አለ፤ እሱም መነገር አለበት። በ1621 የምስራቅ ህንድ ኩባንያ ኃይል የገውዝ ንግድን ለመቆጣጠር በባንዳ ደሴቶች ሕዝቡን ፈጅቷል፤ የቀረውን አግዟል። በ1637 ደቾች ኤልሚናን ከፖርቱጋሎች ከያዙ በኋላ በመርከቦቻቸው በጠቅላላው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያንን በባርነት ወደ አሜሪካ አጓጉዘዋል። ኩባንያው በሁለት መቶ ዓመት ወደ እስያ ከላካቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰዎችም የተመለሱት ከግማሽ በታች ናቸው። መርከቡ ሁልጊዜ ከውጪ፣ ከጎን፣ ሸራው ተነፍቶ ይቀረጻል። ወደ ሆዱ የሚያስገባ መስኮት ቀራጺው አልከፈተም። የድሉ መስመር ያን ያህል የጠራው የተጫነው ሰው ስላልታየ ጭምር ነው።

በ1671 የኋላው የአምስተርዳም ከንቲባ ኒኮላስ ዊትሰን ስለ ጥንቱና ስለ ዘመኑ መርከብ ሥራ ከ100 በላይ ሥዕል ያለበትን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ1697 የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ መርከብ መሥራት ሊማር ሲመጣ የተቀበለውና በምስራቅ ህንድ ኩባንያ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ መጥረቢያ ይዞ እንዲሠራ ያመቻቸለት ይኸው ሰው ነው። ጴጥሮስ ግን ቅር ተሰኘ። የደች አናጢዎች መርከብን በዓይን ግምትና በልምድ ይሠሩ ስለነበር በንድፍ ማስተማር አልቻሉም። ስለዚህ ስሌቱን ለመማር በ1698 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ያለቀለትን መርከብ ከሁሉ አብልጦ የሚሥል አገር ገና ያልተሠራውን መርከብ በወረቀት የማስቀመጥ ልማድ አልነበረውም።

ሥዕሉን ግን ጴጥሮስ ከአምስተርዳም ወሰደው። የመዳብ ቀራጺውን የሮመይን ደ ሆኸን ተማሪ አድሪያን ስኾነቤክን ቀጥሮ ወደ ሞስኮ አመጣው፤ እሱም በቮሮኔዥ የተሠራችውን «ጎቶ ፕሬዴስቲናትሲያ» የተባለችውን የሩሲያ የጦር መርከብ በ1701 በመዳብ ቀረጸ። ከተማሪዎቹ አንዱ አሌክሲ ዙቦቭ በ1716 አዲሲቱን ዋና ከተማ ሴንት ፒተርስበርግን ቀረጻት። ረጅም አግድም ወረቀት ነው፤ ቤቶቹ ከአድማስ ላይ ቀጭን ሆነው ተሰልፈዋል፣ የኔቫን ወንዝ ከፊት የሞሉት ባንዲራቸውን የዘረጉ መርከቦች ናቸው።